ምሥር ብዪ

ባለፈው ሳምንት ከሲኤምሲ ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ብድግ አለ። ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ግድ አልሰጠውም።

«አልፏል! አልፏል እኮ ነው የምልሽ! ናቲ አልፏል! ሲሪየስሊ!»

ከጎኔ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲያንቀላፉ የነበሩ እናት ባንነው ነቁ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙና፣ «እኔን! ነፍስ ይማር» አሉ። «ልጅ ነበር?»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ኧረ እማማ፣ ፈተና ነው ያለፈው! ማትሪክ!» አላቸው። ወጣቱም ዞሮ፣ «ወንድሜ እኮ ነው እማማ፤ በሕይወት አለ፣ እንዲያውም አሁን ቢራ እየጠጣ ነው» አለ። እሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከሁሉም በላይ ሳቁ።

እኔ ግን ስቄ ስቄ ማቆም አቃተኝ። ሌላው ሰው ነገሩን ረስቶ ወደየወሬው ሲመለስ እኔ ገና እንባዬን እጠርግ ነበር። ረዳቱ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ፣ «ማዘር፣ ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም ነው አልኩት። እውነትም ሰላም ነበር። በልጅነቴ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ሰፈር፣ የእኚህን እናት ስሕተት ገልብጬ ሠርቼዋለሁ፤ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ በሚወስደው በኩል ነበር። ዛሬ ካፌና ሆቴል ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት ያ ቦታ ያኔ ሌጣ ነው፤ ከአጥራችን ጀርባ ጨፌ፣ ከጨፌው ማዶ ደግሞ አንዲት ወንዝና የእንጨት ድልድይ ነበሩ። ዝናብ ሲጥል የረጠበ ሣርና የከብት ሽታ እስከ መኝታ ቤታችን ይገባል። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍብን የመስኮቶቻችን መስታወት ይንጫጫል፤ ድመታችን አልጋ ሥር ትገባለች።

በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ ከባድ የሚባሉት ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አለፈ እና ወደቀ። ሰኔ መጨረሻ ካርድ ስንቀበል አስተማሪያችን ስማችንን እየጠራ ከሁለቱ አንዱን ይጥልብናል። ያለፈ እየዘለለ ይወጣል። አብራኝ የምትቀመጠው ብርሃኔ ያን ዓመት ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ከግቢያቸው አልወጣችም። በአጥራቸው ቀዳዳ ስጠራት «የለችም በያት» ስትል የራሷን ድምፅ እሰማ ነበር። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይደበቃል፤ ቤተሰቡም እስከሚያልፍ ድረስ ይደብቀዋል።

አብራን የምትኖረውን የአባቴን እናት እቴቴ እንላታለን። የመጨረሻ ልጇ መርሻ ይባላል። ከሱ በፊት የነበረች ሴት ልጇ በኩፍኝ ከሞተች በኋላ ስለተወለደ፣ ሐዘኗን እንዲያስረሳት ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። እኔ ጋሼ መርሻ እለዋለሁ፤ ግን ሃያ ምናምን ቢሆነው ነው፣ ፂሙም በቅጡ አልገጠመም። አየር ኃይል ውስጥ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ይበር ነበር። አብራሪ አይደለም፤ መንገድ መሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ዘይት ሲመጣ ከቆዳ ጃኬቱ ሽታ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ቆዳ፣ ጋዝ፣ ሚንት ከረሜላ።

«ጋሼ፣ አብራሪው መንገድ አያውቅም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ሰማይ ላይ ምልክት የለማ። ሱቅ የለ፣ ዛፍ የለ። በዚህ ግባ፣ በዚያ ታጠፍ የምለው እኔ ነኝ።»

«እዚያም ፈተና አለ?»

«በየቀኑ!» አለ እየሳቀ። «የኛ ፈተና በየቀኑ ነው። ተነሥተን ከተመለስን አለፍን ማለት ነው።»

«ቦምቡንስ ማነው የሚጥለው?»

ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔው ነኝ» አለ።

እቴቴ ከሹራብ ሥራዋ ቀና አለች። «ምን ላይ ነው የምትጥለው?»

«ድልድይ ላይ ነው እማዬ። ጠላት እንዳይሻገር ድልድይ እንመታለን።»

ወደ ሹራቧ ተመለሰች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ማታ ጸሎቷን ስትጨርስ አንዲት ቃል ጨመረች፤ «ያ ድልድይ ባዶ ይሁን፤ ሰው አይገኝበት።»

እኔ የማውቀው ድልድይ አንድ ነው፤ የጨፌው። ወተት ለማምጣት ማዶ ስላክ ጣሳዬን አቅፌ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ በሩጫ መሻገር ጀመርኩ። የወተቱ እኩሌታ ቀሚሴ ላይ ይደፋል። እናቴ «ማን አባሮሽ ነው?» ብላ ስትቆጣኝ፣ «እቴቴ ሰው አይገኝበት ብላለች» እላታለሁ። እናቴ ወደ እቴቴ ታያለች፤ እቴቴ ደግሞ ወደ ክሯ።

ሐምሌ ሲገባ ራዲዮው ስለ ምሥራቁ ጦርነት ብቻ የሚያወራ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ መርሻ ዝናብ ደብድቦት መጣ። ለምሳ እንኳ በቅጡ አልተቀመጠም። እቴቴ እየተከተለች ጀርባውን በስንዝሯ ለካችው፤ የሞተውን የአያቴን አረንጓዴ ሹራብ ተርትራ ለሱ አዲስ ልትሠራለት ነው። «ሰማይ ላይ ብርድ አለ» ትላለች። እሱ ሳቀ። የራሰ ጃኬቱን በር ጀርባ ሰቀለና፣ «ሲደርቅ እወስደዋለሁ» ብሎ በአባቴ ዝናብ ልብስ ወጣ። በሩ ላይ ዞሮ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሃምሳ አራት አልኩት። «ሌላ ጊዜ አስተካክለሽ ትነግሪኛለሽ» ብሎኝ ሄደ።

የዚያ ክረምት ሥራዬ እጄን መዘርጋት ነበር። እቴቴ የተተረተረውን ክር በሁለቱ ክንዶቼ ላይ ታጠልቅና ከፊቴ ተቀምጣ ወደ ኳስ ታጠነጥነዋለች። ክንዴ ይዝላል፤ አፍንጫዬን ሲበላኝ ማከክ አልችልም። በመካከል አውሮፕላን ሲመጣ ሁለታችንም ቀና እንላለን። ቦሌ የሚያርፈው ሁሉ ለኔ የጋሼ መርሻ ነው። ታስሬ ስለሆነ እጄን ማውለብለብ ስለማልችል፣ በእግሬ አውለበልብለታለሁ። እቴቴ በዚህ ትስቃለች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በከባድ ዝናብ የጦር መኪና ደጃችን ቆመ። የወረደው የጋሼ መርሻ ጓደኛ የሆነ መኮንን ነው፤ አንዴ ቤታችን በልቷል። አባቴ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። እኔም ጆሮ ጠቢ ነኝና ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ የምናጠራቅምበት በርሜል ጀርባ ተወሸቅሁ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው።

«…ወድቋል… ገና አልተረጋገጠም… ለእናትየው እንዳይነገራቸው…»

አባቴ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገው። ዝናቡ ራሱ ላይ ይወርድበት ጀመር።

ጋሼ መርሻ ወደቀ! እንደ ብርሃኔ! አባቴ ያን ያህል ማፈሩ አናደደኝ። ሰው አንድ ጊዜ ቢወድቅ ምን አለበት? ደግሞ ይፈተናል። እንደ ትልቅ ሰው ምሥጢር ልጠብቅለት ወሰንኩ፤ ማታ ማታም ከእቴቴ ጸሎት ሥር የራሴን አንዲት ቃል ሰካሁ፤ «እንዲያልፍ አድርገው።»

ቤታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ። አባቴ የራዲዮውን ድንጋይ አውጥቶ ደበቀው፤ ባትሪውን ድንጋይ ነበር የምንለው። ራዲዮው ተበላሽቷል ተባለ። እናቴ ሽንኩርት መክተፍ አበዛች፤ ወጥ ባይሠራም ትከትፋለች። ዘመዶች ድንገት ይመጡና ስለ ዝናቡ አውርተው፣ እቴቴን በዓይናቸው ሸሽተው ይሄዳሉ። እቴቴም ስለ መርሻ መጠየቅ ተወች። የገረመኝ ግን ይኼ አይደለም። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ማለት አቆመች። እኔ በእግሬ ሳውለበልብ እሷ አቀርቅራ ክሯን ታያለች። ሹራቡን ግማሽ ስታደርስ፣ «ልኩ አልመጣም» ትልና ትተረትረዋለች። እንደገና እጄን እዘረጋለሁ።

ትልልቆቹን ያስጨነቃቸው የእቴቴ ነገር እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ደም ብዛት አለባት፤ ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሎ አስጠንቅቋል። አባቴ «ከሰማች እሷንም አብረን እንቀብራታለን» ብሎ ቆርጦ ነበር። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ተጠርተው፣ ሴቶች ከሁለት ወገን ሊይዟት ተዘጋጅተው። ፍልሰታ ገባና እሷ ጾሟን ያዘች። «ፍልሰታ ይለፍ» ተባባሉ፤ ማድ ቤት፣ ደጅ፣ አጥር ሥር። እኔ ደግሞ ፍልሰታም ትፈተናለች እንዴ ብዬ ተደነቅሁ።

ፍልሰታው ሳይፈታ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ቀን፣ ያው መኪና መጣ። ዝናብ ስለሌለ ከበርሜሉ ጀርባ ሁሉም ጥርት ብሎ ተሰማኝ። መኮንኑ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተረጋግጧል፣ ጋሼ» አለው አባቴን። «አልፏል።»

አባቴ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በካርድ ቀን የአንዳንድ ልጆች እናቶች በደስታ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አባቴም ሲጨነቅ የከረመ ሰው ነው፤ ያልቅስ አልኩ። ምሥራቹን የሚቀድመኝ እንዳይኖር ግን እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ።

እቴቴ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሹራቡን ደግሞ ተርትራዋለች። እጆቼን ዘረጋሁላት፤ ክሩን አጠለቀችልኝ፤ ማጠንጠን ጀመረች። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«እቴቴ፣ የምሥራች!»

«ምሥር ብዪ!» አለች። ለምሥራች ሌላ መልስ የለውም፤ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። ፈገግ ስትልም ካየኋት ቆይቼ ነበር።

«ጋሼ መርሻ አልፏል!»

እጇ አልቆመም። ክሩ ከክንዴ እየተፈታ ወደ ኳሱ ይሄዳል።

«ማን አለ?»

«ወታደሩ ጓደኛው። አሁን ነው የመጣው። ወድቆ ነበር እኮ እቴቴ፤ አባዬ እንዳትሰሚ ብሎ ነው የደበቀሽ። አሁን ግን ተረጋገጠ። አልፏል! እንዳትቆጪው፣ እሺ?»

ክሩን እስከ መጨረሻው አጠነጠነችው። ክንዶቼ ባዶ ሲሆኑ ኳሱን ጭኗ ላይ አኖረችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ሱፍ ይሸታል።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለች።

«አልፏል።»

«ምሥር ብዪ፣ ልጄ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ከዚያ ተነሣች። በር ጀርባ የተሰቀለውን ጃኬት አውርዳ ታቀፈችው፤ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ስሙን ጠራች። «መርሻዬ!» የሚለው ጩኸቷ ጨፌውን ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ የሰማሁት መሰለኝ። እናቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ከማድ ቤት በረረች። አባቴ ከደጅ ሮጦ ገባና መሐል ግቢው ላይ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ እቴቴ ደረት ላይ ነው፤ ልቧ ሲቆም የሚያይ ይመስል። መኮንኑ ከኋላው ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

ልቧ አልቆመም። እንደ ልቧ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አይ ልጆቼ» አለች። «ራዲዮው ዝም ያለ ዕለት ነው እኔ የሰማሁት። አፍ አውጥታችሁ ሳትነግሩኝ እንዴት ላልቅስ? እዚህ ታንቆብኝ ከረመ።» ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። «በሉ እናንተም አልቅሱ። ተሸክማችሁት አትሙቱብኝ። የራዲዮውንም ድንጋይ መልሱ።»

አባቴ እግሯ ሥር ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ያለ ሽንኩርት አለቀሰች። እንዲያ ተለቅሶ፣ እንዲያ ደግሞ የቀለለው ቤት ዳግመኛ አላየሁም። ወዲያው ሰው ሰውን በዓይኑ ማየት ጀመረ። በመጨረሻ እናቴ ትዝ አልኳትና ጆሮዬን ያዘችኝ። «አንቺ ወሬኛ! ምን ብለሽ ነው—»

«ማንም እንዳይነካት!» አለች እቴቴ። «አብሳሪዬ ናት።»

ለእድሩ ተነገረ፤ ድንኳን ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ እቴቴ አልጋዋን በነጭ አንሶላ አነጠፈችና ጃኬቱን እጅጌዎቹን ዘርግታ አስተኛችው። ፎቶግራፉን አንገትጌው ላይ አደረገችው። እኔ ሰው ሲያልፍ ለምን እንዲህ እንደሚለቀስ እያሰላሰልኩ ወደ አልጋው ተጠግቼ እጅጌውን አሸተትኩ። ቆዳ፣ ጋዝ። ሚንቱ የለም። ያኔ ገባኝ። ሄጄ ከበርሜሉ ጀርባ ተደበቅሁ፤ ብርሃኔ እንደወደቀች ሁሉ እኔም የወደቅሁ መሰለኝ።

በሣልስቱ ቀን መኮንኑ ተመልሶ መጣ። እቴቴ አጠገቧ አስቀመጠችው። እኔ ከጀርባዋ ነበርኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ፤ እንዳትዋሸኝ» አለችው።

«ይጠይቁኝ፣ እናቴ።»

«ድልድዩ ላይ ሰው ነበረ?»

ሰውየው ግራ ገባው። ወደ አባቴ አየ። ቆይቶ ነው የገባው።

«ሳይደርሱ ነው የተመቱት» አላት። «ቦምቡን አልጣሉትም። መርሻ ያን ቀን ማንንም አልነካም።»

እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿ ሲወጣ ከጀርባዋ ሆኜ ተሰማኝ፤ ትከሻዋ ሁሉ ወረደ። «ተመስገን» አለች። ለቀስተኞቹ ተያዩ። ልጇ ሞቶባት ተመስገን የምትል ሴት አይተው አያውቁም። ከዚያ በፊት ስለነበሩት ቀናት አልጠየቀችውም፤ እሱም አላነሣላትም። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ማዶ ስላክ ድልድዩን እየተራመድኩ ተሻገርኩት፤ መሐሉ ላይ ቆሜም ውኃውን አየሁ። ወተቱ ሳይደፋ ቤት ደረሰ።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው እቴቴ ጠርታኝ አረንጓዴውን ሹራብ በራሴ አጠለቀችልኝ። በኔ ልክ አሳጥራ ጨርሳዋለች። የተረፈውን ክር በኪሱ አድርጋልኛለች። «ለሦስተኛ ክፍል» አለችኝ። አንገቴ ከሹራቡ እንደወጣ አፌ አላርፍ አለ።

«እቴቴ፣ እኔ እኮ ፈተና መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ ፈተና አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ ግን ከተመለስን ነው አለፍን ማለት ብሎኛል። እሱ አልተመለሰም።»

«እሱ ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል» አለች። የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። «ስንት ሰው እዚህ ቤት ገባ ወጣ። ሁሉም ሞተ አለኝ። አለፈ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔም ያንቺን ይዣለሁ።»

ሚኒባሱ ሃያ ሁለት ደረሰ። ልወርድ ስነሣ የወጣቱን ትከሻ መታ አድርጌ፣ «ምሥር ብላ!» አልኩት።

«ምን ልብላ?» አለ።

ታክሲው እንደገና ሳቀ። ከጎኔ ያሉት እናት ጉልበታቸውን ሰብስበው መንገድ እየለቀቁልኝ፣ «አይ የዛሬ ልጆች» አሉ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «የኔስ ነፍስ ይማር? ባለቤት አጥታ ሜዳ ላይ ቀረች እኮ» አሉኝ፤ ገና እየሳቁ።

«አትቀርም እማማ» አልኳቸው። «ለመርሻ ትሁንልኝ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን ከራሳቸው ዝቅ አደረጉና፣ «የመርሻን ነፍስ ይማር» አሉ።